አክስት ሄቲን ከግድግዳ ላይ ስለማውረድ

ለክቡር ሚስተር ክሪስፒን ሆልወርዝ
በማዘጋጃ ቤቱ የገበያዎችና የቅርስ ክፍል ኃላፊ
ምሥራቅ ለንደን

እጅግ የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ይህ እርጥብ ጥር የመሥሪያ ቤትዎን ማሞቂያ እንዳይደፍረው፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው እንዲመችዎ አምላክን እለምናለሁ። እኔ በማርጀሪ ሌን ገበያ፣ ከእናቴ በወረስኩት ቦታ ላይ አትክልትና ፍራፍሬ የምሸጠው ኦሊቭ ፐርኪስ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ከክፍልዎ የተላከልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በቅርስ ግድግዳ ላይ ጉዳት ማድረሴን፣ በመጪው ሐሙስ ከጉባኤው ፊት ቀርቤ እንዳስረዳ፣ የቀባሁትንም ቀለም በገዛ እጄ እንድፍቅ፣ ይህን ባላደርግ ግን የመሸጫ ፈቃዴ ነገር እንደሚታሰብበት በሚያስቀና ትሕትና ገልጸውልኛል። ትሕትናዎን ተቀብያለሁ። ቀለሙን ግን አልፍቅም። ምክንያቴን በጽሑፍ ማቅረብ እንደምችል ስለፈቀዱልኝ ይኸው አቅርቤያለሁ፤ መልሴ በመሳቢያዎ ውስጥ ብቻውን እንዳይበርደው ብዬም አንድ ቅጂ ለሠፈራችን ጋዜጣ ሰጥቻለሁ፣ ሌላውን ሻፊቅ ዓሣ በሚሸጥበት ድንኳን ላይ ለጥፈነዋል። ሽታውን ከቻሉት ቆመው ሊያነቡት ይችላሉ።

አንደኛ፣ ስለ ግድግዳው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ባለፈው መከር በገበያችን መግቢያ ያለውን የድሮውን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ነጭ አስቀብተው፣ በሰማያዊ ፊደል «የማርጀሪ ሌን የድሮ ቃላትና ፍቺዎቻቸው» ብለው ሲያስጽፉበት፣ እኔም ሪባኑ ሲቆረጥ ከቆሙት አንዷ ነበርኩ። የእናቴን ቃላት በዚያ መጠን ተጽፈው ሳይ ሆዴ እንደባባ አልደብቅዎትም። «ሪብ» ቢራ ነው፣ «ዴሎ ናሞ» ደግሞ አሮጊት፤ የድሮ ነጋዴዎች ገዢ እንዳይገባው «ቢር»ን «ሪብ» እያሉ ቃሉን ከጭራው ጀምረው ይጠሩት ነበርና ይህን በትክክል ጽፈውታል። «ጋስፐር» ሲጋራ ነው፤ ይህም ትክክል ነው፤ አባቴን የገደለው እሱ ነው። ደረጃን «ፖምና ፒር» እያልን እንደምንጠራ የጻፉትን ግን፣ በዕድሜዬ ከአስጎብኚዎች አፍ በቀር ሰምቼው ስለማላውቅ፣ ለአስጎብኚዎቹ ትቼዋለሁ።

«ኮሊዎብልስ» ለሚለው ቃል የሰጡት ፍቺ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባዋል። እኛ እዚህ የምናውቀው ኮሊዎብልስ የሆድ ቁርጠት ነው፤ ግድግዳዎ ግን «በድሮ ዘመን የሚወደድ ጣፋጭ» ይለዋል። ሪባኑ በተቆረጠ ማግስት ከዴንማርክ የመጡ ባልና ሚስት ወደ እኔ ቀረቡና፣ «እባክዎ፣ ኮሊዎብልስ የት እናገኛለን?» አሉኝ። «እዚህ አልቆብናል የኔ ቆንጆዎች» አልኳቸው፤ «ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ካፌ ግን ሁልጊዜም ትኩስ ትኩሱን ያቀርባል።» ሄደው ቀምሰው እንደሆነ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ መልካም ንግግር ደንብዎ ነው። ግድግዳው ቀለሙ ሳይደርቅ ለያንዳንዳችን የታደለው ይህ ደንብ፣ ነጋዴ በሥራ ላይ ሳለ «ደንበኛ ሊረዳው የማይችለውን ቃል» እንዳይጠቀም ይከለክላል። ሻፊቅ፣ አባቱ ከባንግላዴሽ፣ ከሲልሄት የመጣ እሱ ግን እዚሁ ከዓሣ ሣጥን ሥር ተኝቶ ያደገ ጎረቤቴ፣ አንድ ቀን እንደ ልማዱ ወደ ሥጋ ሻጩ ጮኾ ማታ ሪብ እንጠጣ ሲል፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው ተቆጣጣሪዎ ከየት መጣ ሳይባል ከፊቱ ቆመ።

«ምን አልክ አሁን?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን ነዋ።»

«ግድግዳው ላይ ሌላ፣ አፍህ ላይ ሌላ» አለና ማስጠንቀቂያ ጻፈለት። ሻፊቅ ወረቀቱን ለዓሣ መጠቅለያ አዋለው። ከእንግዲህ ቃሉን መናገር ሲያምረን ደንበኛውን ይዘን ወደ ግድግዳው ሄደን በጣታችን እያሳየን እንደምንግባባ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለጉልበቴም እንቅስቃሴ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ነገር ግን ቀልድ አይደለም።

አምና በጋ ላይ፣ ጸጉሯን የተጎነጎነች አንዲት ጨዋ ልጅ ከክፍልዎ ተልካ ገበያውን ስትዞር ከርማ፣ በመጨረሻ ዊልፍ ዘንድ ደረሰች። ዊልፍ በእናቴ ዘመን ድንች ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ልጅቱ ሻይ ጋብዛው፣ «ለመዝገብ ብቻ ነው፣ የትም አይወጣም» አለችው። ዊልፍ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ «እንዴት አደርክ» የሚለው እንጂ «እንዴት ኖርክ» የሚለው ሰው አልነበረውምና፣ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራት። አልወቅሰውም። ሰው ሲያዳምጠው የማይለፈልፍ ማን አለ? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በሌሎቹ ቃላት መሐል አክስት ሄቲም ወጣች።

እርስዎ ክቡርነትዎ አክስት ሄቲን የሚያውቋት በጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ በተግባር እንዴት እንደነበረ ልንገርዎት። ገዢ መጥቶ ሽንኩርቱን አንስቶ አይቶ መልሶ ያስቀምጣል። ርካሹን ድንች ይነካካል፤ ኪሱን ይነካካል፤ ከዚያ ልክ ያልራበው ሰው መስሎ ስለ ዝናቡ ያወራል። ይህን ያየ ነጋዴ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «አክስት ሄቲ ሰላም ብላሃለች» ይላል፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በየድንኳኑ ሲያልፍ ሚዛኑ ይከብድለታል፤ ያልጠየቀው ካሮት ዘንቢሉ ውስጥ ይገኛል። ሕግ ነበረው። ፊቱን ማየት የለም። «በነጻ» የሚል ቃል የለም። ሁልጊዜ ማጉረምረም አለ፦ «ይህን ደግሞ ማን ተሸክሞት ይገባል፣ ውሰድና ሸክሜን አቅልልኝ» ማለት። ገዢውም እንደ ውለታ ዋይ ሆኖ ይሄዳል። ሄቲ የምትባል ሴት በእውነት ኖራ ታውቅ እንደሆነ እናቴም አታውቅም ነበር፤ ቃሉን ግን ከእናቷ፣ ምሥጢሩንም ከቃሉ ጋር ወርሳለች። ሆድ ይፍጀው ተብሎ የኖረ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ሚስተር አምብሮዝ ቶዘር ልምጣ፤ ስማቸውን የጻፍኩት ራሳቸው ይህን ደብዳቤ አንብበው «ይጻፉት» ስላሉኝ ነው። ሚስተር ቶዘር ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፒያኖ ሲቃኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ፒያኖ ከየቤቱ ሲወጣ ሥራቸው አብሮ ወጣ፤ ባለቤታቸው ዊኒፍሬድ ሲያርፉ ደግሞ የሟቿ ጡረታ አብሮ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ክራባት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው ገበያ ይመጣሉ። ሽንኩርት አንስተው ሲመልሱ ያየሁ ቀን፣ ወደ ሻፊቅ ዞሬ የአክስት ሄቲን ሰላምታ አደረስኩ።

ሚስተር ቶዘር ጆሮአቸው የቃኚ ጆሮ ነውና ሰሙ። በሳምንቱ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «ሚስስ ፐርኪስ፣ ጆሮዬ ጥልቅ ብሎብኝ ነው፣ ይቅርታ፤ አክስትዎ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

ምን ልበል? «ጉልበታቸውን ያማቸዋል» አልኩ፣ የራሴን ጉልበት አበድሬ።

ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁኝ ያለፉበት ቅዳሜ የለም። አክስት ሄቲም በእኔ አፍ ክረምቱን ስትስል ከረመች፤ ዓይኗን ሞራ ጋረዳት፤ ከደረጃ ወድቃ ተነሣች። አንድ የገና ሰሞን ውሸቱ ሲደክመኝ ልገድላት አስቤ ነበር፤ ሚስተር ቶዘር ለቀብሯ ልምጣ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ተውኩት። በየዓመቱ ጥር ላይ ያ መራራው ብርቱካን ከስፔን ሲገባ፣ ከእኔ ወስደው በባለቤታቸው አሠራር ከነልጣጩ በስኳር ቀቅለው ማርማላድ ይሠሩና፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ «ለሚስ ሄቲ፣ ከአክብሮት ጋር፣ አ. ቶዘር» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸውን ማሰሮዎች ያመጡልኛል። «ጉልበት ለታመመ ሰው ጠዋት ጠዋት ጣፋጭ ነገር ደግ ነው» ይላሉ። ማሰሮዎቹ የት እንደሚገቡ በኋላ እነግርዎታለሁ።

ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ በመጣው ቅዳሜ፣ ሚስተር ቶዘር ከግድግዳው ፊት ቆሙ። ከድንኳኔ ሆኜ አያቸዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡ ፈገግ ይላሉ፤ «ጋስፐር» ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዝቅ ብለው ይህችን መስመር አገኙ፦ «አክስት ሄቲ፦ ለመክፈል አቅም የሌለው ደንበኛ መምጣቱን ነጋዴዎች እርስ በርስ የሚጠቋቆሙበት ምሥጢራዊ አባባል፤ ይህን የሰሙ ነጋዴዎች በድብቅ ይመጸውቱት ነበር።» መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አድርገው እንደገና አነበቡ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ባርኔጣቸውን አነሱ።

«ሚስስ ፐርኪስ፣ ለአክስትዎ ደህና ይሁኑ ይበሉልኝ» አሉ፤ ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ሄዱ።

ያን ዕለት የተሰማኝን ለክቡርነትዎ በሚገባ ቋንቋ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ተቃጠልኩ። አሁንም እየጻፍኩ እቃጠላለሁ። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምቼ ኖሬያለሁ፤ አፍ የሰጡት ግን እርስዎ ነዎት።

በሳምንቱ ቀሩ። በሁለተኛውም ቀሩ። ድንች፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሻፊቅ የጠቀለለውን ዓሣ ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱልኝ።

«አመሰግናለሁ፣ አያስፈልገኝም።»

«ሚስተር ቶዘር፣ ሊበላሽብኝ ነው፤ እባክዎ ሸክሜን ያቅልሉልኝ።»

«ይህንንም አባባል አሁን ተረድቼዋለሁ» አሉኝ። በሩም በቀስታ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሻፊቅ በዋናው መንገድ ባለው ትልቅ መደብር፣ ቀኑ ሊያልፍ የቀረበ ምግብ ከሚደረደርበት መደርደሪያ ሥር አንዲት የሾርባ ቆርቆሮ ይዘው አይቷቸዋል። «ኦሊቭ፣ ሰውየው ኮሌታው ውስጥ ሊጠፋ ነው» አለኝ። ክራባቱ ግን እንደታሰረ ነው።

ይህንን ሁሉ፣ ስማቸውን ሳልጠራ፣ ለክፍልዎ በትሕትና አመለከትኩ። ግድግዳው ይፍረስ አላልኩም፤ አንዲቷ መስመር ትነሣልን ነው ያልኩት። የሰጡኝ መልስ ግድግዳው የተሸለመ በመሆኑ «እንዳለ መጠበቅ» እንዳለበት ይገልጽና፣ ለስሜቴ አመስግኖኝ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ደስ የሚል ዜና ያበሥረኛል፦ ለሁለተኛው ምዕራፍ «ከቃላቱ በስተጀርባ ያሉ ፊቶች» የሚል ሰሌዳ እንደታሰበ፣ አክስት ሄቲ ትባልላቸው የነበሩ ደንበኞችን ስምና ፎቶግራፍ በማሰባሰብ ረገድም የእኔ ትብብር እንደሚያስፈልግ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ መጽሐፉን አጥበው እጣቢውን አደባባይ አውጪልኝ እያሉኝ ነው።

ስለዚህ አንድ እሑድ፣ በጠራራ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ከጋሪዬ የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ይዤ ወጣሁና ያችን መስመር ሸፈንኳት። ሌላውን አልነካሁም፤ ኮሊዎብልስ እንኳ ጣፋጭ እንደሆነ ትቼዋለሁ። በርጩማውን የያዘልኝ ሰው ነበር፤ ስሙን ሆድ ይፍጀው፣ ብቻ እጁ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ሦስተኛው ዋጠው።

አሁን ያለፈውን ቅዳሜ ልንገርዎት፤ ምክንያቱም ጉባኤዎ ስለ ግድግዳው ጉዳት ሲመክር ይህኛው መረጃ እንዳያመልጠው እፈልጋለሁ። ጠዋት ነው፤ ያ መራራ ብርቱካን ከገባ ጥቂት ቀኑ ነው። ቀና ብል ሚስተር ቶዘር አረንጓዴው ቦታ ፊት ቆመዋል። ቆይተው ወደ ድንኳኔ መጡ። ከስተዋል።

«ሚስስ ፐርኪስ፣ በእኔ ምክንያት ግድግዳ ቀብተው ተከሰሱ አሉኝ።»

«በእርስዎ ምክንያት አይደለም» አልኩ። «ግድግዳው ቀለም አንሶት ነው።»

ዞረው ብርቱካኑን ያዩ ጀመር። እኔም ደግሞ አንድ የማይረባ ነገር ተናግሬ እንዳላስኮርፋቸው ፈርቼ ካሮቴን እደረድራለሁ። ከዚያ ዓይናቸውን ከብርቱካኑ ሳያነሱ ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ ያን ሁሉ ማርማላድ ማን ነበር ሲበላው የኖረው?»

ሻፊቅ በዓሣው ላይ በረዶ እየበተነ ከወዲያ ተቀበላቸው።

«እኔ ነኛ ሚስተር ቶዘር። እኔ፣ ኦሊቭ፣ ሥጋ ሻጩ፣ ዊልፍም ሲመጣ። ጠዋት ጠዋት እሱን ካልቀባን ሻዩ አይወርድልንም። የመጨረሻዋ ማሰሮ ካለቀች ወዲህ ደረቅ ዳቦ ነው የምናላምጠው። ምነው እንዲህ ጨከኑብን?»

«እናንተ?»

«ደግሞ ያለፈው ዓመቱ ልጣጩ ወፍሮ ነበር። አልኩ እንዳይሉኝ።»

«ልጣጩ?» አሉ ሚስተር ቶዘር፤ ከዚያ ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኖ ነበር። «ልጣጩ የወፈረው ቢላዬ ስለደነዘ ነው። ዊኒፍሬድ ስለ ልጣጭ ወቀሳ አትቀበልም ነበር፤ እኔም አልቀበልም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ብርቱካን ይመዝኑልኝ።»

መዘንኩ። እሳቸው ሚዛኑን ያያሉ፤ እኔ እሳቸውን አያለሁ። እጄ ከበደ፤ መክበዱን አዩ። አንድ ብርቱካን ጨመርኩ፤ መጨመሬንም አዩ። እንደ ሕጉ ፊታቸውን ማየት አልነበረብኝም፤ እኔ ግን አየሁ። ዘንቢሉን ተቀብለው ባርኔጣቸውን አነሱ።

«አክስትዎ እንዴት ሰነበቱ?» አሉኝ።

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል» አልኩ። «ግን አልሞቱም።»

«እግዜር ይማርዎ ይበሉልኝ። ማርማላዱ ሲደርስ አመጣላቸዋለሁ።»

ይኸው ነው ክቡርነትዎ። በሐሙሱ ጉባኤ እገኛለሁ፤ ብቻዬን ግን አልመጣም። ሻፊቅ፣ ሥጋ ሻጩና ዊልፍ አብረውኝ ይቆማሉ፤ ሚስተር ቶዘርም ክራባታቸውን አስረው ሊመጡ ነግረውኛል። ቀለሙን አልፍቅም። የፊቶቹን ስም አልሰጥም። ፈቃዴን ከወሰዱብኝ ካሮቴን ከሻፊቅ ዓሣ ጎን እደረድረዋለሁ፤ ደንበኞቼም ሽታውን ይለምዱታል። አክስት ሄቲን በሥራዋ ለሚፈልጓት ደግሞ፣ ጡረታ ወጥታለችና ከእንግዲህ የምትኖረው በሚስተር ቶዘርና በእኔ መካከል ብቻ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ። ሥራዋን የተረከበ ሌላ ዘመድ አግኝተናል። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ከፎቶ አንሺዎ ጋር ገበያውን ሲጎበኙ ስሙ ከኋላዎ ተጠርቶ ነበር፤ እርስዎም ፈገግ ብለው አለፉ። አያስቡ፣ ስለ እርስዎ አልነበረም።

ለግድግዳዎ ረጅም ዕድሜ፣ በላዩ ላይ ላለችው አረንጓዴ ቁራጭ ደግሞ ከዚያ የረዘመ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ስለ ሽልማትዎ፣ ስለ ደንብዎ፣ ስለ ክስዎም ያለኝን የማያልቅ ምስጋና ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ብቻ ዝቅ ብዬ፣ አቀርባለሁ።

አክባሪዎ፣
ኦሊቭ ፐርኪስ
አትክልትና ፍራፍሬ፣ ማርጀሪ ሌን

ተጨማሪ፣ በእርስዎ ቅጂ ላይ ብቻ፦ ለአዲሱ ሰሌዳዎ ስም እንደሌለኝ እንዳይመስልዎት። ከእናቴ ዘመን ጀምሮ አክስት ሄቲ ሰላም ያለቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ብዙዎቹ አርፈዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን ደህና ትምህርት አግኝተው፣ አንዳንዶቹም ሙቅ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ደብዳቤ ይፈርማሉ። አንዱንም አልነገርነውም፤ አንነግረውምም። ሴት አያትዎ ሚስስ ሆልወርዝ ግን በጣም ጨዋ ሴት ነበሩ። ጎመን ይወዱ ነበር።